ከምላጭ የተደበቀው ልጅ

ሰቆጣ ውስጥ ከበሮ የሚመታ ሰው ሞልቷል። ካሳ ግን ከሁሉም ይለያል። ጥምቀት በመጣ ቁጥር ከበሮውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሲዘል፣ ፊት ለፊቱ የቆሙት ካህናት ሳይቀሩ ዝማሜያቸውን ረስተው እሱን ያያሉ እየተባለ ይታማ ነበር። ጥሩሐረግም የወደደችው በዚሁ ከበሮ ነው። አባቷ፣ "ልጄ፣ ሰውዬው እኮ ዕድሜው ገፋ ያለ ነው" ቢሏት፣ "ሲዘል አይተውታል?" ብላ መለሰችላቸው። እሳቸውም አይተውት ስለነበር ሰጧት።

ታዲያ በሥልሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት ጥምቀት ካሳ ከበሮ አልያዘም። መቋሚያውን ተደግፎ ከሽማግሎቹ መሀል ቆመ። ለጠየቀው ሁሉ "ወገቤን አሞኝ" አለ። አርባ ዓመት ያለፈው አራሽ ወገቤን ቢል ማን ይደነቃል? ሰዉ "አይዞህ፣ በቅቤ ታሽ" እያለው አለፈ። ጥሩሐረግ ብቻ አላመነችም። ወገቡን የታመመ ሰው ጎንበስ ሲል ያቃስታል፤ ካሳ የሚያቃስተው ሽንቱን ሊሸና ወደ ጓሮ ሲዞር ነበር። በበዓሉ ማግስት ጓሮውን ስትጠርግ ከድንጋይ ካቡ ስንጥቅ ውስጥ የተወሸቀ ጨርቅ አገኘች። ደምና መግል ነክቶታል። ጨርቁን እንደነበረ አድርጋ መልሳ ወሸቀችው።

እዚህ ላይ የዚህን ቤት ገመና መግለጥ ግድ ይሆናል። በዋግ ምድር የክርስቲያን ወንድ ልጅ በተወለደ በስምንተኛው ቀን ይገረዛል። ይህ ማንም የማይከራከርበት ነገር ነው። ያልተገረዘውን "ቆላፍ" ይሉታል፤ ስድቡም ከእሱ አልፎ ለልጅ ልጁ ይተርፋል። ካሳ ዲቁና ተቀብሎ ቀድሷል፤ አግብቶ ሁለት ሴቶች ልጆች ወልዷል፤ በከበሮው አገር አስጨብጭቧል። ካሳ ግን ቆላፍ ነበር። ይህንን የሚያውቁት እሱ፣ እናቱ እማማ ወለተ ሚካኤልና ጥሩሐረግ ብቻ ናቸው።

ጥሩሐረግ ብትሆን ወዲያው አላወቀችም። ልጃገረድ ሆና ገብታ ማንን አይታ ታነጻጽር? የወንድ ተፈጥሮ እንዲህ ነው ብላ ኖረች። የእህቷ ልጅ ሲገረዝ ጨርቅ ይዛ አጠገብ የቆመች ዕለት ግን ነገሩ በራላት። ቤቷ ስትመለስ ባሏን መጠየቅ አፍራ አማቷን ጠየቀች። አማቷም አልቅሰው ነገሯት።

እማማ ወለተ ሚካኤል ከካሳ በፊት ሁለት ወንዶች ወልደው ነበር። ሁለቱም በስምንተኛው ቀን ተገረዙ። ሁለቱም ብዙ ሳይቆዩ መንጋጋቸው ተቆልፎ፣ ጡት መያዝ አቅቷቸው፣ ገላቸው እንደ እንጨት ደርቆ ሞቱ። አገሬው አንዴ ዓይነ ጥላ ነው፣ አንዴ ሾተላይ ነው አለ። እሳቸው ግን ዓይነ ጥላውንም ሾተላዩንም አላዩም፤ ያዩት ምላጩን ነው። እባብ የነደፈው በልጥ ይደነግጣል። ሦስተኛውን ሲፀንሱ "እናቴ ቤት ልታረስ" ብለው ወደ ትውልድ አገራቸው፣ በዋግ ቆላ ወዳለው ዝቋላ ወረዱ፤ እዚያም ካሳን ወለዱ። ለዝቋላ ዘመዶቻቸው፣ "የአባቱ ወገኖች በራሳችን ገራዥ ካልሆነ ብለዋል፤ ሰቆጣ ይገረዛል" አሏቸው። ክርስትናው ካለፈ በኋላ ሰቆጣ ተመልሰው ደግሞ፣ "ቀኑ እንዳያልፍ ብዬ እዚያው አስገረዝኩት" አሉ። አንዱ ወገን ሌላው ገርዞታል ብሎ አርፎ ተኛ።

ስሙን የሁለቱ ካሳ ይሁነኝ ብለው ካሳ አሉት። ሞት እንዳያውቀው ጆሮውን በስተው፣ ቀሚስ አልብሰው፣ እንደ ሴት ልጅ አሳደጉት። ልጅ ያልበረከተላት እናት ሁሉ የምታደርገው ስለሆነ ማንም አልጠረጠረም፤ ገላውን ግን ከእሳቸው በቀር ያጠበው ሰው አልነበረም። ልጁም ኖረ። ለእማማ ወለተ ሚካኤል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ በሰማይም በምድርም አልነበረም።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። ጥሩሐረግም ይህንኑ አምና ለዓመታት ዝም ብላ ኖራለች። ጨርቁን ካየች ወዲህ ግን ዝምታም እንደሚነቅዝ ገባት። ደግሞም አርግዛለች፤ ሆዷ ገና መግፋቱ ነው።

የገበያው ዕለት ቅቤ ልሽጥ ብላ ወጣችና ቅቤውን ለጎረቤት አስጠብቃ ወደ ክሊኒኩ ሄደች። ድሬሰሩ ዘበነ መርፌውን ከሚቀቅልበት ሳህን ላይ ቀና ብሎ አያት።

"አንድ ዘመድ አለኝ" አለችው ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ሸፍና። "ሲወለድ አልተገረዘም።"

"የት አገር ነው ዘመድሽ?"

"ሩቅ ነው።"

"እሺ። የሩቁ ዘመድሽ ምን ሆነ?"

ነገረችው። ዘበነ ሳያቋርጣት ሰማና፣ "ሸለፈቱ ወደ ኋላ ይሸሻል?" አላት።

"ኧረ እሱ ከጥንትም አይሸሽም" አለችና ያለችው ሲገባት ፊቷ ጋለ። ዘበነ ጨዋ ሰው ስለነበር ዓይኑን ወደ ሳህኑ መለሰ።

"ስሚኝ እቴ" አላት ቆይቶ። "ሸለፈቱ እንዲህ ሲጠብ እድፍ ከሥሩ ይታጎራል። ዓመት ዓመትን እየወለደ ሲሄድ ሥጋው ይቆጣል። አልድን ያለ ቁስል ከሆነ ነቀርሳ ሊሆን ይችላል። እኔ እዚህ ቅባት ብሰጥሽ ማታለል ነው የሚሆንብኝ። ደሴ ሆስፒታል ይሂድ። ቶሎ ከደረሰ ይድናል። ከዘገየ ግን መጀመሪያ ብልቱን፣ ቀጥሎ ነፍሱን ይወስደዋል።"

ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው፤ ጥሩሐረግ ግን መቃጠሉ ከተጀመረ ምን ያህል እንደቆየ አታውቅም። ቅቤዋን ረስታ በቀጥታ ወደ አውድማው ሄደች። ካሳ የተወቃ ገብስ በመንሽ ወደ ነፋስ እየበተነ ነበር፤ እግሩን አንፈራጥጦ ነው የሚቆመው።

"ጨርቁን አይቼዋለሁ" አለችው።

መንሹን አስቀመጠ። የሰማችውን ሁሉ ስትነግረው ዓይኑን ከገብሱ ላይ አላነሳም።

"ሞት ይሻለኛል" አለ በመጨረሻ። "ሰው ፊት ሱሪዬን አውርጄ ቆላፍ መሆኔን ላሳይ? ዲቁና የተቀበልኩ ሰው ነኝ። የቀደስኩት ቅዳሴ ምን ሊባል ነው? እናቴስ? በእርጅናዋ 'አገር ያታለለች ሴት' ትባልልኝ?"

"ሞት ለአንተ ይሻልህ ይሆናል። እኔን ጠይቀኸኛል? ሁለቱን ሴቶች ልጆችህን ጠይቀሃቸዋል? ይህን ሆዴ ውስጥ ያለውን ጠይቀኸዋል?"

ካሳ መንሹን አነሳ። ጥሩሐረግ ለመጀመሪያ ጊዜ ባሏን ጠላችው። እየወደደችው ነው የጠላችው፣ ይህ ደግሞ ከሁሉ የከፋው የጥላቻ ዓይነት ነው።

ከዚያ በኋላ የቀራት ሰው አንድ ነበር። የሁለቱም የነፍስ አባት አባ ገብረ ኢየሱስ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ ጎጆ አላቸው። ሄዳ እግራቸው ሥር ቁጭ አለች።

"አባቴ፣ የሰው ገመና ይዤ ነፍሴ ተጨነቀች። ብናገር ባሌን አዋርዳለሁ፤ ዝም ብል እቀብረዋለሁ።"

"ገመና የሚሸፈነው ሰውዬው በክብር እንዲኖር ነው ልጄ" አሏት። "ሰውዬው ከሞተ ምኑን ትሸፍኚለታለሽ?"

ነገረቻቸው። አባ ገብረ ኢየሱስ ጢማቸውን እያሹ ብዙ አሰቡና፣ "በይ ሂጂ። አንቺ ምንም አላልሺኝም። እሱ ራሱ ይነግረኛል" አሏት።

በዚያው ሳምንት ጠበል ልርጭ ብለው መጡ። ቤቱን ረጩ፣ ልጆቹን ረጩ፣ ከዚያ ካሳን "ና እስኪ ሸኘኝ" አሉት። ጥሩሐረግ ከደጅ ቆማ ከወይራው ሥር ሲቀመጡ አየቻቸው። ካሳ መጀመሪያ እጁን እያወናጨፈ ይናገራል፤ ቀጥሎ እጁ ወረደ፣ ቀጥሎ አንገቱ ወረደ። መስቀል ተሳልሞ ሲመለስ ፊቱ እንግዳ ሆኖባት ነበር።

"ቀኖና ሰጡኝ" አላት።

"ስግደት ነው?"

"ስግደት ቢሆን ምን ነበረበት። ደሴ ሂድና ታከም አሉኝ። ቀኖናህ እሱ ነው፤ ሳትታከም ብትመለስ አልፈታህም አሉኝ።" ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ። "ዲቁናዬስ ብላቸው፣ 'ክርስቲያን ያደረገህ ምላጭ ነው ወይስ ጥምቀት?' አሉኝ። ምን እመልሳለሁ?"

ሴት የላከው ሞት አይፈራም የሚሉት ተረት አለ። ለካሳ የሴት መላክ ብቻውን አልበቃውም፤ ቄስም ተጨመረበት። ከጨው ነጋዴዎች ጋር በበቅሎ ወደ ኮረም ወጣ፣ ከኮረም በአውቶቡስ ወደ ደሴ። ሲሄድ በቅሎዋ ላይ የተቀመጠው በአንድ ጎኑ ነበር፤ ያየው ሁሉ "ምስኪን፣ ወገቡ" አለ።

እማማ ወለተ ሚካኤል ነገሩን የሰሙት ልጃቸው ከሄደ በኋላ ነው። መጥተው በሩ ላይ ቆሙ፤ አልተቀመጡም። ሲከፋቸው የሚናገሩት በዋግ አገውኛ፣ በኽምጣንጋ ነው፤ በዚያ ቀን ግን ምራታቸው አንዲት ቃል እንዳታመልጣት ብለው በአማርኛ ተናገሩ።

"ከምላጭ ያዳንኩትን ልጄን ወስደሽ ለምላጭ ሰጠሽው።"

"እማማ፣ እዚህ ቢቀመጥ ኖሮ..."

"አርባ ዓመት ተቀምጦ ነበር" አሉና ጀርባቸውን ሰጧት። ያን ዓቢይ ጾም አማትና ምራት ለቅዳሴ ሲሄዱ እንኳ አንዷ በላይኛው፣ አንዷ በታችኛው መንገድ ሆኑ።

ጥሩሐረግ ጠበቀች። ከኮረም የሚመጣ ነጋዴ ባለፈ ቁጥር መንገድ ዳር ወጥታ ትጠይቃለች። አንዱ "አላየሁትም" ይላታል፤ አንዱ "ደሴ ትልቅ ከተማ ናት እኮ" ብሎ ይስቅባታል። ሆዷ ገፋ። እሷው ናት የላከችው፤ ቢሞት የገደለችውም እሷው ናት። ይህ ሐሳብ ውሃ ስትቀዳም፣ እህል ስትፈጭም አልለቀቃትም። ፋሲካ ሊገባ ሲል አንድ የጨው ነጋዴ፣ "ካሳ ሰላም ብሎሻል፤ ቀደውታል፣ ቆርጠው ያወጡትን ሥጋ ለምርመራ አዲስ አበባ ልከው መልስ እየጠበቀ ነው" አላት። ደስ ይበላት ይክፋት አላወቀችም፤ የነጋዴውን እጅ ይዛ ሳመችው።

ግንቦት ውስጥ ነው። እማማ ወለተ ሚካኤል ከቤታቸው ደጅ ተቀምጠው ምስር ሲለቅሙ በቁልቁለቱ አንድ ሰው በእግሩ ሲመጣ አዩ። ሰውዬው ይዘፍናል። እርምጃው የጎረምሳ ነው። ዓይናቸው ስለደከመ መጀመሪያ የሌላ ሰው ልጅ መስሏቸው "ማነው ይሄ ደስተኛ?" አሉ። ቀጥሎ ሰፌዱን ጥለው ተነሱ። ምስሩ መሬት ላይ ተበተነ። እንደዚያ ሲሮጡ ሰቆጣ አይታቸው አታውቅም።

ጥሩሐረግ ስትደርስ አሮጊቷ የልጃቸውን ፊት፣ ትከሻ፣ ክንድ እየዳበሱ አገኘቻቸው። ካሳ በእናቱ ራስ ላይ አሻግሮ አያትና ሳቀ። ያን ሳቅ ካየችው ዓመት አልፎ ነበር። እዚያው አቧራው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፣ ልቅሶዋም የደስታ ነበር።

ቤት ገብተው ጠላ ከተቀዳ በኋላ ካሳ የሆነውን ሁሉ ነገራቸው። ቁስሉ ነቀርሳ ነበር፤ ግን ገና ጀማሪ፣ ሥር ያልሰደደ። ሸለፈቱን ከነቁስሉ ቆርጠው አንስተውታል፤ የቀረው ሥጋ ንጹሕ ነው ተብሏል። በየጊዜው እየሄደ መታየት አለበት።

"ከአልጋዬ አጠገብ አንድ ሽማግሌ ነበሩ" አለ። "እንደ እኔው ሳይገረዙ ያደጉ፣ እንደ እኔው ሲደብቁ የኖሩ። ብሽሽታቸው አብጦ፣ ሐኪሙ ቢያያቸው ራሱን ነቀነቀ። እኔ መልሴ ሳይመጣልኝ እሳቸው ተቀበሩ።" ጠላውን ጎንጨት አለ። "ሐኪሙን ጠየቅኩት። በሕፃንነቱ የተገረዘን ሰው ይህ በሽታ እምብዛም አያገኘውም አለኝ። ካደጉ በኋላ መገረዝ የሕፃንነቱን ያህል አይከላከልም አለ። 'በእኛ አገር ሁሉም በስምንት ቀኑ ይገረዛል' አልኩት። 'ታዲያ አንተስ?' ሲለኝ፣ 'እኔ እናት ነበረችኝ' አልኩት።"

እማማ ወለተ ሚካኤል ጠላቸውን አልነኩም።

"ታዲያ እኔ ነኛ ልገድልህ የነበረው" አሉ።

"አልሞትኩም እኮ እናቴ።"

"ብትሞትስ ኖሮ?"

አሮጊቷ ተነስተው የተበተነውን ምስር ሊለቅሙ ወጡ።

በሰኔ ጥሩሐረግ ወለደች፤ ወንድ ነው። የወንድ ልጅ እልልታ ከቤቱ አልፎ ከመንደሩ ማዶ ተሰማ። እልል ያላሉት አያቱ ብቻ ናቸው። ሕፃኑን ተቀብለው በነጠላቸው ጠቀለሉትና ደረታቸው ላይ አጣብቀው፣ "ይህን ልጅ ለእኔ ስጡኝ። ዝቋላ ይዤው ልውረድ" አሉ።

ጥሩሐረግ አልተቆጣችም። እሷም ፈርታለች። በአንድ ወገን ከደሴው ሽማግሌ ጋር የተቀበረው በሽታ አለ፤ በሌላ ወገን መንጋጋቸው የተቆለፈ ሁለት ሕፃናት አሉ። ካሳም ሕፃኑን ባየው ቁጥር እየራደ፣ "ይቅር ይሆን እንዴ?" ማለት ጀምሯል። ወንድ ልጅ መጀመሪያ ምላጭ የሚፈራው ለልጁ ነው።

"ሂድና ዘበነን ጠይቀው" አለችው ከተኛችበት። "እነዚያ ሕፃናት ለምን ሞቱ በለው። የሚያውቀው ነገር ካለ እንወቅ። ከሌለ እማማ ይውሰዱት።"

ካሳ ጥቅል ንጹሕ ጨርቅና አንድ ሳሙና ይዞ ተመለሰ። መንጋጋ የሚቆልፈው ግርዛቱ አይደለም፣ እድፉ ነው ብሎታል ዘበነ። ምላጩ ውሃ ውስጥ ይቀቀል፤ ገራዡ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ቁስሉ ላይ አመድ አይነስነስ፣ በዚህ ጨርቅ ይሸፈን። ከዚያ በኋላ ልጁን ክሊኒክ አምጣው፣ እኔም አየዋለሁ ብሎታል።

በስምንተኛው ቀን ጠዋት ገራዡ አስማረ መጣ። አስማረ በሙያው የሚኮራ፣ ቀጭን፣ ወሬኛ ሰው ነው። ጎረቤት ተሰብስቧል፤ አባ ገብረ ኢየሱስም መጥተዋል። እማማ ወለተ ሚካኤል ሕፃኑን ታቅፈው ደፉ ላይ ተቀምጠዋል፤ መግባትም መውጣትም የሚቻለው እሳቸውን ዘልሎ ነው። አስማረ ምላጩን ከቆዳ አፎቱ መዘዘና በጋቢው ጫፍ ጠረገው።

"አያ አስማረ" አለች ጥሩሐረግ ከመጋረጃው ጀርባ፣ "ምላጩ ይቀቀልልን።"

"ምኑ?"

"ምላጩ።"

"ምላጭ ባቄላ ነው እንዴ የሚቀቀለው?" አለና ወደ ሰዉ ዞረ፤ ሰዉም ሳቀለት። "ስሚ አንቺ አራስ፣ ይህ ምላጭ የአባቴ ነው። እኔና አባቴ በዚህ ምላጭ ያልገረዝነው ወንድ በዚህ አጥቢያ የለም።"

"አለ" አለ ካሳ።

"ማን ነው እሱ?"

"እኔ። እኔን አልገረዛችሁኝም።"

አንድ ሁለት ሰው ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ካሳ አልሳቀም። ቆሞ፣ ከበሮ እንደሚይዝበት ጊዜ ደረቱን ነፍቶ፣ አርባ ዓመት የተደበቀውን ሁሉ ዘረገፈው። ዝቋላን፣ ቀሚሱን፣ ጨርቁን፣ ደሴን፣ ሽማግሌውን፣ ሁሉን ተናገረ። "ወገቤን አላመመኝም" አለ። "ያመመኝ ይህ ነው። እናቴ ባደረገችው ልጅ ያልሞተባት እናት ትፍረድባት። ከእኔ በፊት ሁለት ወንድሞቼ በስምንት ቀናቸው ተገርዘው ሞተዋል። የገረዛቸው አባትህ ነው፤ በዚሁ ምላጭ።"

አስማረ ምላጩን አየ፤ እንግዳ ነገር እጁ ላይ እንዳገኘ ሰው አገላብጦ አየው። ኩሩ ነው እንጂ ክፉ ሰው አልነበረም።

"አባቴ እኮ ይወዳቸው ነበር" አለ ቀስ ብሎ። "ሁልጊዜ ስለነሱ ያነሳ ነበር። ሾተላይ ነው ብሎ ነው የሞተው።"

"ማንም አላወቀም" አሉ አባ ገብረ ኢየሱስ። "አሁን ግን ታውቋል። ይቀቀል።"

አስማረ ጋቢውን ወደ ትከሻው መለሰ። "እንግዲያው ድስት አምጡ" አለ።

ድስቱ እማማ ወለተ ሚካኤል ፊት ለፊት ተጣደ፤ እሳቸው ናቸው እዚህ ይጣድ ያሉት። ውሃው መንተክተክ ሲጀምር ምላጩ ከታች እየተንኳኳ ይጮህ ነበር። አስማረ እጁን በሳሙና አንዴ ታጠበ፤ አሮጊቷ "ድገም" አሉት፤ ደገመ። እሳቸው ዓይናቸውን ከድስቱ አልነቀሉም።

"ጥሩ" አሉ ሳይዞሩ። ከጾሙ ወዲህ በስሟ ሲጠሯት የመጀመሪያቸው ነው። "ያን ጊዜ ውሃ አፍልተን ቢሆን ኖሮ ይኖሩልኝ ነበር?"

ጥሩሐረግ የአራስነት ወጉን ትታ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች፤ አጠገባቸው ተንበረከከች። ልትዋሻቸው ትችል ነበር፤ ግን በዚህ ቤት ውሸት በቅቶ ነበር።

"ይኖሩ ይሆናል እማማ። እርስዎ ግን አላወቁም ነበር። ባወቁት ልክ ደግሞ አንዱን አትርፈዋል። እሱ ባይተርፍ ይህ ልጅ ከየት ይመጣ ነበር?"

አሮጊቷ እንባቸው በጉንጫቸው መጨማደድ ላይ ሲወርድ አልጠረጉትም። ሕፃኑን ከደረታቸው አላቀው ጭናቸው ላይ አስተኙት፤ መጠቅለያውን ፈቱ።

"እግሩን እኔ ነኝ የምይዘው" አሉ። "ሌላ ሰው እንዳይነካብኝ።"

ያዙት። አስማረ ጎንበስ አለ። ሕፃኑ ቤቱን የሚያናውጥ ጩኸት ጮኸና ወዲያው በአስማረ ፊት ላይ ሸናበት። አስማረ ዓይኑን ጨፍኖ፣ "ይህስ ወንድ ነው" አለ። ጨርቁ ተጠቀለለ፤ አመድ የነካው የለም። ያኔ እማማ ወለተ ሚካኤል ራሳቸውን ቀና አድርገው እልል አሉ። ድምፃቸው በመጀመሪያ ተሰነጠቀ፣ ቀጥሎ ጠራ። ከሁለት ሕፃናት መቃብር ጀምሮ ጉሮሯቸው ውስጥ ተጠራቅሞ የቆየው እልልታ ሁሉ በዚያች ጠዋት ወጣ፤ ሌሎቹ ሴቶች እስኪቀበሏቸው ድረስ ብቻቸውን እልል አሉ።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት አሮጊቷ ከሕፃኑ ራስ አልተለዩም። እጃቸውን እየታጠቡ ትንሿን ጣታቸውን አፉ ውስጥ ከተው መንጋጋውን ይሞክሩታል፤ ልጁም እየጠባ ይይዛታል። ጡት ሲነክስ እናቱ "ኧረ" ስትል፣ አያቱ "ንከሳት የኔ ጌታ፣ ንከሳት" ይሉታል። ክፉው ጊዜ አለፈ። ቁስሉ ደረቀ። ክርስትና ሲነሳ ስሙን ማን ያውጣለት ቢባል ማንም አልተከራከረም። ወርቅአገኘሁ አሉት አያቱ።

አገር ደግሞ ምላሱን አይከለክልም። ካሳን አንዳንዱ በሌለበት ሊያማው ሞከረ፤ ግን ራሱ የተናገረውን ሰው ማማት ምን ጣዕም አለው? ሐሜቱ በራሱ ጊዜ ወደ ቀልድ ተለወጠ። አስማረም ከዚያ ወዲህ በሄደበት ሁሉ ትንሽ ድስት በትከሻው ማንጠልጠል ጀመረ። የረሳ ዕለት እናቶች፣ "ድስትህስ?" እያሉ ከደጅ ይመልሱታል። በመስከረም አንድ የማያውቁት ሰው መጥቶ ካሳን ከጓሮ ጠርቶ ብዙ አወራው፤ በሳምንቱ ሰውዬው በኮረም መንገድ ወደ ደሴ ሲያቀና ታየ። ካሳ ስሙን ለሚስቱ እንኳ አልነገራትም፤ እሷም አልጠየቀችውም።

ጥምቀት ደረሰ። ታቦቱ ከማደሪያው ሲነሳ ካሳ በሕዝቡ መሀል ሰንጥቆ ገባና ከበሮውን አንገቱ ላይ አጠለቀ። ጥሩሐረግ ከሴቶቹ መሀል ሆና ታየዋለች። አንዴ መታው፣ አዳመጠው። ቀጥሎ ዘለለ። የሰቆጣ ሰው እንዲያ ያለ ዝላይ አይቶ ከሆነ በካሳ የወጣትነት ጊዜ ነው፤ በወጣትነቱም ቢሆን እንዲህ አልዘለለም፣ ያኔ የሚደብቀው ነገር ነበረበትና። ከበሮው እየጮኸ፣ አቧራው እየጨሰ፣ ካህናቱ ዝማሜያቸውን ረስተው ቆሙ። ጥሩሐረግ ይህን ሰው እኔ ነኝ የላክሁት፣ እኔ ነኝ የመለስሁት ብላ አሰበች፤ ኩራቱም ደረቷን ሞላው።

ግን ዝላዩ በዛ።

"እማማ፣ ኧረ ይበቃዋል፣ ዕድሜውን ረስቶታል" አለች አማቷን።

እማማ ወለተ ሚካኤል ወርቅአገኘሁን ትከሻቸው ላይ ከፍ አድርገው፣ አባቱን እያሳዩት፣ አጠገባቸው ያሉት ሴቶች ሁሉ እንዲሰሙ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

"ተይው ይዝለል" አሉ። "የተገረዘው አምና ነው፣ ገና ልጅ ነው።"